የመጀመሪያውን ቤት ገዝቶ ማከራየት፦ ከስሌቱ እስከ ቁልፍ ርክክብ

አከራይ ከመሆኔ በፊት 9 ዓመት ተከራይ ነበርኩ። ሰርቪስ ቤት ኖሬያለሁ፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ፣ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ተብዬ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃዬን አይሱዙ ላይ ጭኜ ወጥቻለሁ። ከዚያ ከወንድሜ ጋር ቆጥበን ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ገዛን። የሚከተለው በሁለቱም በኩል ቆሜ የተማርኩት ነው፤ የተጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን ገዝቶ ሊያከራይ ለሚያስብ ሰው ነው፣ አገር ቤት ላለም ውጭ አገር ላለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሮ አከራይ የገዛበትን ስህተት በኪራይ ጭማሪ ያርም ነበር። ቤቱን በውድ ቢገዛ ወይም በርካሽ ቢያከራይ ከሦስት ወር በኋላ «ጨምር፣ ካልሆነ ልቀቅ» ይላል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን በር ዘግቶታል። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልኩንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ተከራይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ምንኛ በወደድኩ። ለአከራይ ግን ትርጉሙ ይህ ነው፦ የምትገዙበት ዋጋ፣ የመጀመሪያው ቀን ኪራይና የመጀመሪያው ተከራይ ለረጅም ጊዜ አብረዋችሁ ይኖራሉ። ስለዚህ የአከራይ ሥራ ሦስት አራተኛው የሚያልቀው ከመፈረም በፊት ነው።

1. ቤት ከማየታችሁ በፊት ቁጥሩን ሥሩት

ብዙ ሰው ስሌቱን የሚጀምረው ከደላላ አፍ ነው። «ይሄ ቤት በወር 25 ሺህ ይከራያል» ሲባል በ12 አባዝቶ 300 ሺህ ብር ይልና ቤቱን በልቡ ይገዛዋል። እስቲ በምሳሌ እንየው። ዋጋው 5 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብር ቀረጥ፣ ለደላላና ለእድሳት 350 ሺህ ጨምሩ። ስለዚህ ያወጣችሁት 5 ሚሊዮን 350 ሺህ ነው።

ኪራዩን ደግሞ በ12 ሳይሆን በ11 ወር አስሉት፤ ቤት በተከራይና በተከራይ መካከል ባዶ ይሆናል፣ ቀለም ይቀባል። ያ 275 ሺህ ይሆናል። ከዚያ ላይ ለጋራ ሕንፃው ማህበር በወር 500 ብር ብትከፍሉ በዓመት 6 ሺህ፣ ለጥገና 20 ሺህ፣ ለኪራይ ገቢ ግብር የምታስቀምጡት 35 ሺህ፣ ለደላላ 12 ሺህ 500 ቀንሱ። እጃችሁ ላይ የሚቀረው 201 ሺህ 500 ብር ነው። ይህ ካወጣችሁት ገንዘብ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ባንክ ያለ ምንም ድካም የሚከፍለው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ብር ዋጋውን ስለሚያጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በባንክ ያስቀመጠና ቤት የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ዕጣ አልገጠማቸውም። ቤት ማከራየት አዲስ አበባ ላይ በዋናነት የገንዘብን አቅም ማቆያ ነው፤ የወር ገቢው ተጨማሪ ነው። ይህን አምናችሁ ከገባችሁ አትቆጩም። ኪራዩ የወር ደመወዝ ይሆነኛል ብሎ የገባ ግን በመጀመሪያው ዓመት ይከፋዋል።

ከዚህ የሚከተለው የብድር ጉዳይ ነው። ከላይ ላለው ቤት 2 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ ብትበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 340 ሺህ ብር ይጠጋል። ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፣ ዋናውን ዕዳ ተዉት። «ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል» የሚለው ወሬ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እዚያ ወለዱ ዝቅተኛ ነው። እዚህ ብድሩን የሚከፍለው ደመወዛችሁ ወይም ንግዳችሁ ነው። ስለዚህ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት የስድስት ወር ክፍያ ለብቻ አስቀምጡ። ዕቁብ ያላችሁ ሰዎች ዕጣችሁን ለእድሳቱ ብታቆዩት ጥሩ ነው፤ ቤቱን በዕቁብ ገንዘብ ጨርሶ ገዝቶ ቧንቧ ማስቀየሪያ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

2. አካባቢውን በእግር፣ ሦስት ጊዜ

አንድ ጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሂዱና የታክሲውን ሰልፍ እዩ። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ላይ ቤት ከመሀል ከተማው ይረክሳል። ተከራያችሁ ግን የትራንስፖርቱን ሰዓትና ገንዘብ ከኪራዩ ላይ እየቀነሰ ነው የሚያስበው። ልደታ ላይ ለሜክሲኮ ቅርብ ስለሆነ፣ ባቡሩም አጠገቡ ስለሆነ፣ ባዶ ቤት ብዙ ቀን አያድርም።

ሁለተኛ ጊዜ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የደረጃው መብራት ይበራል? ጥበቃ አለ? ከታች ያለው ሱቅ ወደ መጠጥ ቤት ተለውጦ ሙዚቃ ይጮኻል?

ሦስተኛው ጉብኝት የውሃ ነው። የውሃ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤት ጠይቁ። በፈረቃው ቀን ሄዳችሁ ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ። 20/80 ሕንፃዎች (20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር ለሚከፍል ሰው በዕጣ የሚሰጡት የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች) አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ጨርሶ የማይደርስባቸው አሉ። አራተኛ ፎቅ የሚረክሰው ለዚህ ነው። ሮቶ ማስቀመጫ ቦታና ፓምፕ ካለ ርካሹ ዋጋ ለእናንተ ዕድል ነው፣ ከሌለ ግን ውሃ በጀሪካን የሚያወጣ ተከራይ ዓመት አይቆይላችሁም።

ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በነባር ሰፈር የግቢ ቤት የምታስቡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። ከ2016 ጀምሮ ፒያሳና ካዛንቺስ በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት እንዴት እንደተለወጡ ሁላችንም አይተናል። ቦታው በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

3. ሰነዱ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን የሚያጣው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የካርታውን ዋና ቅጂ እዩ፣ ፎቶ ኮፒ አይደለም። በካርታው ላይ ያለው ስምና በሻጩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ ይመሳሰሉ። የብሎክና የቤት ቁጥሩን ከበሩ ጋር አስተያዩ። ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ፎቅ አይቶ የሁለተኛ ፎቅ ካርታ የተፈራረመ ሰው አለ።

ቀጥሎ የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ ነው። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ስምምነት ነው። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ምንም አያድናችሁም። ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ካላገባ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። ቤቱ በውርስ የተገኘ ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫውን አንብቡ፣ ስንት ወራሽ እንዳለ ቁጠሩ፣ ሁሉም መፈረማቸውን ወይም መወከላቸውን እዩ። «ታናሽ እህታችን አሜሪካ ናት፣ አትቃወምም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሰማችሁ እህትየው ራሷ በውክልና እስክትናገር ጠብቁ።

ከዚያ ዕዳና እግድ። ካርታው ባንክ በዋስትና ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ ፋይሉ ካለበት ክፍለ ከተማ ይታወቃል። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ብድር ማለቁን የሚያሳይ ደብዳቤ ጠይቁ። የመብራት፣ የውሃና የማህበር ውዝፍ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ አብረው ይምጡ።

የ20/80 ቤት ከሆነ ዕጣው የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ይህን ለመዝለል የሚሠራውን ዘዴ ሁሉም ያውቀዋል፦ ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፣ ገንዘቡ እንደ ብድር ተደርጎ የብድር ውል ይጻፋል፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ «ስም እናዛውራለን» ይባላል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ውክልና ሰጪው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል። ሲሞትም ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ የምትደራደሩት ሰውየውን ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው። አንድ ዘመዴ በዚህ መንገድ ገዝቶ ሻጩ በሦስተኛው ዓመት አረፈ። ልጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ግን የቤቱ ዋጋ በዚያ ጊዜ በእጥፍ ጨምሮ ነበር። ዘመዴ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ነው የወጣው። እኔ በዚህ መንገድ አልገዛም፣ የምወደውም ሰው እንዲገዛ አልመክርም።

«የመንደር ውል» የሚባለውንም እንዲሁ ተጠንቀቁ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሦስት ምስክር ፈርሞ፣ ሽማግሌ መርቆት፣ ቡና ተጠጥቶበት ቢሆንም ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ካልተረጋገጠ ጠብ የመጣ ቀን ዋጋ አይኖረውም። በሦስተኛ ሰው ፊት የእናንተ እንዲሆን ደግሞ ስሙ በመዝገብ ላይ መዛወር አለበት። ውል ተዋውላችሁ ስም ሳታዛውሩ አንድ ዓመት አትቀመጡ።

4. ቀብድና የገንዘቡ ቅደም ተከተል

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በደስታ ቀን ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አታድርጉት። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ፋይሉን ሳታዩ አትስጡ። ስትሰጡም በጽሑፍ ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለው ቃል ይጻፍበት፣ በባንክ ይተላለፍ። በዚያው ወረቀት ላይ «ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር አስገቡ።

ቀሪውን ገንዘብ እንዲህ ከፋፍሉት፦ ትልቁ ክፍያ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ በሚፈረምበት ቀን፣ የተወሰነ ደግሞ ስም ተዛውሮ ቁልፍ ሲረከብ። ሻጩ ሁሉንም አስቀድሞ ከፈለገ ምክንያቱን ጠይቁት። ታክሱንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል በቃል ሳይሆን በውሉ ይወሰን፤ በመጨረሻው ሳምንት ጠብ የሚያስነሳው ይህ ነው።

ቤቱ ላይ ተከራይ ካለ ከመፈረም በፊት ውሉን አንብቡ። በኪራይ አዋጁ መሠረት ቤት በሽያጭ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን ለማስለቀቅ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ለልጃችሁ ሠርግ ልትገቡበት ያሰባችሁት ቤት በዚያ ጊዜ ባዶ ላይሆን ይችላል። ተከራዩ የሚከፍለውን በተመዘገበው ውል ላይ እዩ፣ ደላላው «ይከራያል» ያለውን ሳይሆን።

5. ተከራይ ከመግባቱ በፊት ቤቱን አስተካክሉ

ብዙ አዲስ አከራይ ገንዘቡን ጂፕሰምና ቀለም ላይ ያፈሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው የምጣዱን መስመር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው። ያንኑ መስመር ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ ከተጋሩት ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ አንድ ቀን እሳት ይነሳል። ለምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አስዘርጉ። ተከራዩ እንጀራ ይጋግራል፤ ይህን የሚከለክል አከራይ ቤቱን ለማን እንደሚያከራይ አላወቀም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ሽንት ቤት ወለል ላይ ውሃ አፍስሳችሁ ሁለት ቀን ጠብቁና ከታች ያለውን ጎረቤት ጣሪያውን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ከታች የሚያንጠባጥብ ቤት የገዛ ሰው የገዛው ከጎረቤት ጋር የማያልቅ ክርክር ነው። ጥገናውን ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ጨርሱት።

ቆጣሪዎቹን በስማችሁ አዛውሩ። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ለብቻ የሚሆንበትን ማመልከቻ አስገቡ፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ የተነሳ ጠብ ስንት ጥሩ ተከራይ እንዳስወጣ አይቻለሁ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ነጣ ያለና የሚታጠብ ይሁን።

6. ኪራዩንና ተከራዩን መምረጥ

ዋጋ ለማወቅ በዚያው ሳይት ውስጥ ያሉ አምስት ተመሳሳይ ቤቶች በእርግጥ ስንት እንደሚከፈልባቸው ጠይቁ። «ስንት ይባላል» ሳይሆን «ስንት ትከፍላለህ» ነው ጥያቄው። የጋራ ሕንፃው ማህበር ጸሐፊና ታች ያለው ባለ ሱቅ ከደላላ የተሻለ ያውቃሉ። ከዚያ ከመካከለኛው ጥቂት ዝቅ አድርጉ። በወር 1,000 ብር የቀነሳችሁለት ተከራይ በዓመት 12 ሺህ ይወስድባችኋል፤ አንድ ወር ባዶ የከረመ ቤት ግን 25 ሺህ ይበላል።

ተከራይ ሲመጣ ስለ ብሔሩና ሃይማኖቱ አትጠይቁ። ይህ ሰውን ያዋርዳል፣ ስለ ከፋይነቱም ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ሌላ ነው፦ የት ይሠራል፣ ስንት ዓመት ሠራ፣ ስንት ሰው ሆነው ይገባሉ፣ ከቀድሞው ቤት ለምን ወጣ። የቀድሞ አከራዩን ስልክ ጠይቁና ደውሉ፤ አሁን ካለበት አከራይ ይልቅ ከዚያ በፊት የነበረው እውነቱን ይናገራል፣ ምክንያቱም የአሁኑ ሊያስወጣው ፈልጎ ሊያመሰግነው ይችላል። ኪራዩ ከቤተሰቡ ገቢ ሲሦውን ካለፈ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መታወቂያውን በዋናው እዩ፣ ቅጂውን ያዙ፣ ለወረዳው አስመዝግቡ።

ልጆች ያሉትን ተከራይ ብዙ አከራይ ይሸሻል። እኔ እመርጣለሁ። ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ በየዓመቱ አይዘዋወርም። ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተሣለ አበባ በአንድ ቀን ቀለም ይጠፋል።

7. ውሉና ምዝገባው

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ መጠየቅ ዛሬ ሕገ ወጥ ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው የሚከፈለው።

ሁለት ዓይነት ውል አትጻፉ፣ አንዱ ለወረዳ አንዱ ለመሳቢያ። ብዙ ሰው ግብር ለማሳነስ ብሎ 25 ሺህ የሚያከራየውን 10 ሺህ ብሎ ያስመዘግባል። ከዚያ ጭማሪ የሚሰላው በተመዘገበው 10 ሺህ ላይ ነው። ተከራዩም አንድ ቀን 10 ሺህ ብቻ ልክፈል ቢል ማስረጃው ከእሱ ጋር ነው። ግብር የሸሸ ሰው ቤቱን ራሱ አስሮ ለተከራይ ይሰጣል።

የወረዳው ቅጽ አጭር ነው፤ አባሪ አድርጋችሁ የሚከተለውን ጻፉ። የክፍያው ቀን በወር ስንት ነው? ቧንቧ ቢፈነዳ ማን ይጠግናል፣ አምፖል ሲቃጠልስ? እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ፦ በግድግዳና በወለል ውስጥ ያለው የእኔ፣ በአገልግሎት የሚያልቀው የተከራይ። የማህበር መዋጮ በማን ላይ ነው? ተከራዩ ሌላ ሰው ማስገባት ይችላል? እኔ መጥቼ ማየት የምችለው ስንት ቀን አስቀድሜ ደውዬ ነው?

8. የቁልፍ ቀን

በቁልፉ ቀን ሁለታችሁም ቤቱን ዙሩ። እያንዳንዱን ክፍል፣ መስኮት፣ በር፣ ሲንክና ሶኬት ቪዲዮ አንሱና በዚያው ቀን ለተከራዩ በቴሌግራም ላኩለት፤ ቀኑ እዚያው ይመዘገባል። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቁልፎቹን ቆጥራችሁ አስረክቡ። ተከራዩ የመጀመሪያውን ምሽት ሳይጨነቅ እንዲያድር አዲስ የበር ልብ ብታስገቡለት ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያመጣው መተማመን ግን ትልቅ ነው። ተከራይ ሳለሁ የስንት ሰው ኪስ ውስጥ የቤቴ ቁልፍ እንዳለ እያሰብኩ አድሬያለሁ።

9. ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ

የመጀመሪያዋ ተከራዬ በገባች በሁለተኛው ወር ማታ ደወለች። «እትዬ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት፤ ሽንት ቤቱ ከታች እየተመለሰ ነው።» ድምፅዋ የፈራ ድምፅ ነበር፤ እንድቆጣት ነበር የምትጠብቀው። እኔም በዚያ ድምፅ ነበር ለአከራዮቼ የምደውለው። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ሄድኩ፣ ችግሩ ከብሎኩ የጋራ መስመር ነበር፣ ከማህበሩ ጋር ተከፋፍለን አሠራነው። ከዚያ ወዲያ ኪራይ አንድ ቀን አልዘገየችም። ብልሽት ሲነገራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ስጡ፤ ጥገናው ሦስት ቀን ቢፈጅ እንኳ ቀኑን ንገሩ። ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛና ጥሩ ኤሌክትሪሽያን ስልካቸውን ከቤቱ በፊት ያዙ።

ሳትደውሉ አትሂዱ። ቤቱ የእናንተ ቢሆንም ኑሮው የእሷ ነው። ሰርቪስ የምታከራዩ ከሆነ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይከብዳል፣ በአንድ ግቢ ትኖራላችሁና። እንግዳ መጣባት፣ ልብስ ብዙ አጠበች፣ ማታ 4 ሰዓት መብራት አላጠፋችም እያላችሁ አትቁጠሩ። ውሃና መብራት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡና እንደ ፍጆታዋ ትክፈል፤ በቆጣሪ የሚፈታን ነገር በቁጣ አትፍቱት።

ኪራይ ሲዘገይ መጀመሪያ ደውሉ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከዚያ ወረዳው ያስታርቅ። ቁልፍ መቀየር፣ መብራት ማቋረጥ፣ ዕቃ ማውጣት በፍጹም አታድርጉ። የማስለቀቂያ ምክንያቶቹ በአዋጁ ተዘርዝረዋል፤ ከዚያ ውጭ በጉልበት ያስወጣ አከራይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ተጠያቂው እሱ ነው። የጻፋችሁት ማስጠንቀቂያና የባንክ ማስተላለፊያው ዝርዝር የሚጠቅመው ያን ቀን ነው።

10. ግብርና መዝገብ

የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ሲሆን በ2017 አዋጅ 1395 ማሻሻያ ተደርጎበታል። የግብር ምጣኔውን ከጎረቤት አትጠይቁ፣ የዘንድሮውን ሠንጠረዥ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ውሰዱ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ የማሳወቂያው ጊዜ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። በየወሩ ከኪራዩ ላይ የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውሩ፣ ሐምሌ ላይ እንዳትበደሩ።

አንድ ተራ ደብተር ይበቃችኋል፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ለምን። ለጥገና ላወጣችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ወጥቷልና በዓመታዊ ወጪያችሁ ውስጥ አስቀምጡት።

11. ውጭ አገር ሆናችሁ የምትገዙ

ዜግነት የቀየራችሁ ሰዎች በአዋጅ 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ቤት መያዝ ትችላላችሁ። ችግሩ ያለው ውክልናው ላይ ነው። ብዙ ሰው ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ኤምባሲ ሄዶ «ሁሉን ነገር እንዲሠራልኝ» ብሎ ለወንድሙ ይፈርማል። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይ ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ በዚህ ውስጥ ይገባል። መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ስለዚህ ለማከራየት ብቻ ከሆነ የምትወክሉት የመሸጥና የማስያዝ ቃል አታስገቡበት። ወንድማችሁን ስለጠረጠራችሁ አይደለም፤ እሱም ሲጨንቀው የሚፈተንበትን ነገር በእጁ አለማስያዝ ነው።

ገዝቶ የሚያስተዳድርላችሁ ዘመድም ይደክማል። ከኪራዩ ላይ በወር የተወሰነ ገንዘብ ለእሱ ብላችሁ በግልጽ ተስማሙ። «ወንድም ለወንድም ምን ደመወዝ» የተባባሉ ቤተሰቦች ሦስት ዓመት ቆይተው በአንድ የቧንቧ ደረሰኝ ሲጣሉ አይቻለሁ። ኪራዩ በእናንተ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ በቀጥታ ይግባ፣ ወጪው ከዚያ ላይ በደረሰኝ ይወራረድ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ቤቱን ቪዲዮ አንስቶ ይላክላችሁ። ውሉ ሲታደስ ተከራዩን ራሳችሁ በስልክ አነጋግሩ፤ ለማን እንደሚከፍል ያወቀ ተከራይ ሲቸግረውም ቀድሞ ይናገራል።